የዩኒቨርስ መስፋፋት ለምን ሁለት ቁጥር ኖረው? (ማኪያቶ የተያዘበት ጥያቄ ነው)

ቀያሹ_ከፒያሳ

ሰላም ለቤቱ፣ ጥያቄዬ ትንሽ ስለሚረዝም ታገሱኝ። እኔ ስራዬ ሰርቬየር ነው፣ ከፊዚክስ ጋር 12ኛ ክፍል ላይ ተሰነባብተናል፣ ግን ማታ ስልኬ ላይ የጠፈር ቪዲዮ ሳላይ እንቅልፍ አይወስደኝም። ባለፈው ሐሙስ ከስራ ስወጣ ፒያሳ ከጓደኛዬ ጋር ቆመን ማኪያቶ እየጠጣን ዩኒቨርስ እኮ በየሰከንዱ እየሰፋ ነው አልኩት። በመስኮት አዲሱን አስፋልት እያሳየኝ "ሰፋ የምትለው ይሄን ከሆነ እኔም አይቻለሁ" ብሎ ሳቀብኝ። እልህ ይዞኝ የሚሰፋበትን ፍጥነት ለክተውታል፣ 73 ነው ስለው ስልኩን አውጥቶ ፈለገና "ይኸው እዚህ ጋ 67.4 ይላል፣ እነሱ እርስ በርስ ሳይስማሙ አንተ ምን አስጨነቀህ" ብሎ ዝም አሰኘኝ።

ቤት ገብቼ ሳነብ እውነቱን ነው፣ ሁለት ቁጥር አለ። የሚገርመው አንዱ ቡድን ስህተቴ ከ1 ፐርሰንት በታች ነው ይላል፣ ሌላው 1.4 ፐርሰንት ገደማ ነው ይላል፣ በመሃላቸው ያለው ልዩነት ግን 8 ፐርሰንት ነው። ጓደኛዬ "ሁለቱም ግምት ነው" ባይ ነው። እኔ ግን ግምት አይመስለኝም፣ በኛ ስራ እንዲህ አይነት ነገር ደርሶብኛላ።

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ሳይት ላይ ሌቭል (የከፍታ ልኬት) ስንሰራ ከቢኤም (ከፍታው ከሚታወቅ መነሻ ምልክት) ተነስተን ዞረን እዛው ቢኤም ላይ ስንዘጋ ስህተቱ 4 ሚሊ ብቻ ሆነ፣ ፎርማኑም ጎበዞች አለን፣ እኛም ደረታችንን ነፍተን ወደ ቤት። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ከላይኛው በኩል እየሰራ የመጣው ቡድን ከኛ ጋር ሲገናኝ 27 ሳንቲም ልዩነት! ሦስት ቀን ሙሉ አንተ ነህ አንተ ነህ ስንባባል ከረምን። መጨረሻ ላይ ምን ተገኘ፣ የቢኤሙን ከፍታ 2408.36 የሚለውን የኛው ልጅ ደብተር ላይ ሲገለብጥ 2408.63 ብሎ ጽፎታል። ንባባችን አንድም አልተሳሳተም፣ መነሻችን ነው የተሳሳተው፣ ሉፑ ደግሞ ከራሱ ጋር ስለሆነ የሚዘጋው አያጋልጥህም።

ታዲያ የነዚህም ነገር እንዲህ አንድ ቦታ ላይ ቁጥር ተገላብጦ ነው ወይስ ሌላ ነገር አለበት? የአንድ ሳምንት ማኪያቶ ተይዟል፣ የሚያውቅ ሰው ቢፈርደን።

ቦሌ_ቦሌ_ሁለት_ሰው

ወንድሜ ጤፍ ስንት እንደገባ ታውቃለህ ግን? የሱን መስፋፋት የሚለካልን አጣን እኮ 😂

ሰላም_አራት_ኪሎ

ቀያሹ የቢኤሙን ታሪክ ሳነብ ሳቄ መጣ፣ ምክንያቱም ሳይንቲስቶቹ ከአስር ዓመት በላይ የተጨቃጨቁት ልክ በዚሁ ነው። እኔ ፊዚክስ ነው የተማርኩት፣ አሁን የማስተምረው ግን ሂሳብ ነው (አትጠይቁኝ)። ላስረዳህ ልሞክር፣ በሰርቬየር ቋንቋ ይቀለኛል ብዬ አስቤያለሁ።

መጀመሪያ 73 ምንድነው የሚለው። 73 ኪሎሜትር በሰከንድ ለአንድ ሜጋፓርሴክ ነው። አንድ ሜጋፓርሴክ 3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ነው፣ እዛ ርቀት ላይ ያለ ጋላክሲ በሰከንድ 73 ኪሎሜትር እየራቀን ይሄዳል፣ እጥፍ የራቀው እጥፍ ይፈጥናል። ፍጥነቱን ማወቅ ቀላል ነው፣ ብርሃኑ ወደ ቀይ ምን ያህል እንደተሳበ ታያለህ አለቀ። መከራው ርቀቱ ላይ ነው።

ለርቀቱ ደረጃ በደረጃ ነው የሚወጣው። አንደኛው ደረጃ አንተ የምታውቀው ትራያንጉሌሽን ነው፣ ቤዝላይኑ ብቻ ነው የሚለየው፣ ምድር ፀሐይን ስትዞር ጥር ላይ ያለችበትና ሐምሌ ላይ ያለችበት ቦታ 300 ሚሊዮን ኪሎሜትር ይራራቃል፣ ከሁለቱም ጫፍ ኮከቡን ታያለህ፣ አንግሉን ትለካለህ። ጋይያ የሚባለው የአውሮፓ ሳተላይት እ.ኤ.አ. በ2013 ወጥቶ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ኮከብ እንዲህ ለክቷል። ሌላ ጋላክሲ ላይ ግን ይሄ አይሰራም፣ አንግሉ በጣም ይጠባል።

ስለዚህ ሁለተኛው ደረጃ። ማታ ማዘጋጃ ጋ ቆመህ ቸርችልን ቁልቁል ወደ ለገሃር ስታይ የመንገድ መብራቶቹ አንድ አይነት አምፖል ናቸው አይደል፣ ግን የታችኛው ይደበዝዛል። አምፖሉ ስንት ዋት እንደሆነ ካወቅክ ከድብዘዛው ተነስተህ ርቀቱን ታወጣለህ፣ ሁለት እጥፍ ከራቀ ብርሃኑ አራት እጥፍ ያንሳል። ሰማይ ላይ ዋቱ የሚታወቅ አምፖል ሴፊድ የሚባለው የኮከብ ዘር ነው። ሴፊድ ይነፋል ይሟሽሻል፣ እንደ ድስት ክዳን በለው፣ እንፋሎቱ ሲጠራቀም ክዳኑን ያነሳዋል፣ ሲተነፍስ ይወርዳል፣ እንደገና ይጠራቀማል። ኮከቡ ውስጥ እንደ ክዳን ሙቀቱን አፍኖ የሚይዘው የሂሊየም ንብርብር ነው። ትልቁ ሴፊድ ቀስ ብሎ ትንሹ ቶሎ ቶሎ ነው የሚተነፍሰው፣ ስለዚህ በስንት ቀን አንዴ እንደሚመላለስ ከቆጠርክ ዋቱን አወቅክ ማለት ነው። ሦስተኛው ደረጃ ሱፐርኖቫ ነው፣ የፈነዳ ኮከብ፣ እሱ ከሩቅ ይታያል ግን ዋቱ የሚታወቀው ሴፊድ ባለበት ጋላክሲ ውስጥ ሲፈነዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የእነ አዳም ሪስ (አስትሮኖመር ነው) ስራ 37 ጋላክሲ ውስጥ የፈነዱ 42 ሱፐርኖቫዎችን ይዞ 73.04 አለ፣ ሲደመር ሲቀነስ 1.04።

67.4 ደግሞ ሌላ ነገር ነው፣ ጓደኛህም አንተም የሳታችሁት እዚህ ጋ ይመስለኛል። 67.4 አልተለካም። ተሰልቶ ነው።

ድሮ ኢቲቪ ማታ ከዘጋ በኋላ ቲቪው ሽሽሽ እያለ ነጭና ጥቁር ነጠብጣብ ያሳይ የነበረው ትዝ ይላችኋል? ከዛ ውስጥ ትንሽዬዋ ፐርሰንት ከቢግ ባንግ የተረፈ ጨረር ናት። ዩኒቨርስ 380,000 ዓመት ሲሞላው የተለቀቀ ብርሃን ነው፣ አሁን በርዶ ከፍጹም ዜሮ በላይ 2.7 ዲግሪ ላይ ደርሷል። ፕላንክ የሚባለው ሳተላይት ይሄንን በመላው ሰማይ ለክቶ በ100,000 ውስጥ አንድ የምትሆን የሙቀት ልዩነት አገኘ፣ ነጥብ ነጥብ ሆና። ነጥቦቹ ያኔ የነበረው ትኩስ ሾርባ ውስጥ ይመላለስ የነበረ የድምፅ ሞገድ አሻራ ናቸው። ሞገዱ በ380,000 ዓመት ምን ያህል እንደሚጓዝ በፊዚክስ ይሰላል፣ ስለዚህ ስታፉ (የመለኪያ ዘንጉ በለው) ስንት ሜትር እንደሆነ ታውቃለህ፣ ሰማይ ላይ የሚይዘውን አንግል ደግሞ ትለካለህ፣ 1 ዲግሪ ገደማ ነው፣ የጨረቃን ሁለት እጥፍ። ስታድያ በለው፣ የስታፉን ርዝመትና አንግሉን ካወቅክ ርቀቱን አገኘህ። ከዛ የሚታወቀውን ሁሉ፣ ተራውን ቁስ፣ ዳርክ ማተሩን (የማይታየውን ቁስ)፣ ዳርክ ኢነርጂውን (መስፋፋቱን የሚያፈጥነውን)፣ ቀመር ውስጥ ከተህ ወደ ዛሬ ታመጣዋለህ። ከተነሳበት እንዲህ ከሆነ ዛሬ መስፋት ያለበት በ67.4 ነው ይልሃል።

እና ቀያሹ፣ ያንተ ሁለት ቡድን ሁለቱም መሬት ላይ ነው የለኩት። እዚህ ግን አንደኛው አዝ ቢልት (መሬት ላይ ያለው ተለክቶ የወጣ) ነው፣ ሁለተኛው ዲዛይን ነው። ዲዛይኑ 67.4 ይላል፣ መሬቱ 73 ይላል። ወይ ለኪው ተሳስቷል ወይ ዲዛይነሩ የማያውቀው ነገር መሬቱ ስር አለ።

ቀያሹ_ከፒያሳ

ሰላም አንቺ ልጅ ተባረኪ፣ አዝ ቢልት ስትይ ነገሩ በራልኝ። ዲዛይንና አዝ ቢልት ሳይገናኝ ሲቀርማ ሁሌም ጥፋቱ የሰርቬየሩ ነው የሚባለው፣ ዲዛይነር ተሳስቶ አያውቅም 😀

ሁለት ነገር ግን። አንደኛ፣ በየደረጃው ያለው ስህተት ወደላይ ይተላለፋል ማለት ነው አይደል፣ ሴፊዱ ላይ የተሳሳተ ሱፐርኖቫውንም ይዞት ይሄዳል። እሱን እንዴት አጣሩት? ሁለተኛ ጓደኛዬ ጠይቅልኝ ያለው ነው፣ ሁሉም ነገር ከሰፋ ፒያሳ ከአራት ኪሎ እየራቀች ነው ወይ? የታክሲ ታሪፍ ይጨምር እንደሆነ ለማወቅ ነው ብሏል።

ሰላም_አራት_ኪሎ

ለጓደኛህ በለው አይጨምርም። በስበት ወይ በኤሌክትሪክ ኃይል የተያያዘ ነገር አይሰፋም፣ ምድርም፣ ፀሐይና ፕላኔቶቿም፣ ጋላክሲያችንም። አንድሮሜዳ ጋላክሲ እንደውም ወደኛ ነው እየመጣ ያለው። የሚሰፋው ጋላክሲ በጋላክሲ ተሰብስቦ ከተያዘው ውጭ ያለው ባዶው ነው። የመጀመሪያውን ማታ እመለስበታለሁ፣ ክፍል አለኝ።

አቡሻኸር

ይቅርታ ግን ይሄ እኮ ለኛ አዲስ አይደለም። እኛ ራሳችን ከፈረንጁ በ7 በ8 ዓመት እንለያያለን፣ ለአንድ ልደት ሁለት ቁጥር። ከአዳም እስከ ጌታ ልደት 5500 ዓመት ብሎ አንያኖስ በእስክንድርያ አስልቶ እኛ በሱ ሄድን፣ ፈረንጆቹ ደግሞ ዲዮናስዮስ እ.ኤ.አ. በ525 ባወጣው ሄዱ። ሁለቱም ባሕረ ሐሳቡን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፣ ሁለቱም በጥንቃቄ ነው ያሰሉት፣ መነሻቸው ተለያየ በቃ። ሁለት ቁጥር ይዞ መኖር ይቻላል፣ እኛ ስንት ዘመን ኖርንበት አይደል።

ሰላም_አራት_ኪሎ

አቡሻኸር ምሳሌህ ቆንጆ ነው ግን ግማሽ መንገድ ነው የሚሄደው። የዘመን አቆጣጠር ላይ ተስማምተን በፈለግነው መቁጠር እንችላለን፣ እኔም ልደቴን በኛ አከብራለሁ። ይሄኛው ግን ስምምነት አይደለም፣ ጋላክሲው የሚሄደው በአንድ ፍጥነት ነው፣ ከሁለቱ አንዱ (ወይ ሁለቱም) መስተካከል አለበት።

አቡሻኸር

እሺ ተቀብያለሁ። ግን መነሻቸው ተለያየ ያልኩት ይያዝልኝ።

የቀድሞ_መምህር

ልጆቼ፣ ውይይታችሁ ደስ ብሎኝ ነው የገባሁት። ሠላሳ ዓመት ከጠመኔ ጋር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ካስረዘምኩ ይቅር በሉኝ።

ቀያሹ "ሴፊዱ ላይ የተሳሳተስ" ብሎ የጠየቀው ጥያቄ ዝም ብሎ ጥርጣሬ አይደለም፣ እንዲህ ያለ ስህተት በታሪክ ደርሷል። ኤድዊን ሀብል እ.ኤ.አ. በ1923 አንድሮሜዳ ውስጥ ሴፊድ አግኝቶ ርቀቱን 900,000 የብርሃን ዓመት ገደማ አደረገው፣ አሁን የምናውቀው ግን 2.5 ሚሊዮን ነው። በ1929 የመስፋፊያውን ቁጥር ሲያወጣ ስንት እንዳለ ታውቃላችሁ? 500። ሰባ ሦስት አላለም፣ አምስት መቶ! በዚህ ቁጥር ዩኒቨርስ ዕድሜዋ ሁለት ቢሊዮን ዓመት ብቻ ይሆናል፣ ያኔም ቢሆን የምድር ድንጋይ ከዚያ በላይ ዕድሜ እንዳለው ይታወቅ ነበር፤ ልጅ እናቱን በዕድሜ በለጠ እንደማለት ነው። የቀያሹ የተገለበጠው ቢኤም የነበረው ሴፊድ ሁለት ዓይነት መሆኑ ነው፤ ዋታቸው የተለያየ ሆኖ ሳለ እንደ አንድ ተቆጥረው ነበር። ይህን የለየው ዋልተር ባዴ የሚባል ጀርመናዊ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ሎስ አንጀለስ ከተማ የአየር ጥቃት ተፈርቶ መብራቷ ይጠፋ ስለነበር እሱ በማውንት ዊልሰን ቴሌስኮፕ የአንድሮሜዳን ኮከቦች እስከዚያ ድረስ ባልታየ ጥራት አየ። በ1952 ውጤቱን ሲናገር የዩኒቨርስ ስፋት በአንድ ጊዜ እጥፍ ሆነ። እንግዲህ መብራት ሲጠፋ እያማረራችሁ አትቀመጡ፣ ወደ ሰገነት ውጡ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ይኼ የኔ ደስታ ነው። ሴፊድ የሚለው ስም ከየት መጣ ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ሴፊየስ ከሚባለው የኮከቦች ስብስብ ነው፤ ሴፊየስ ደግሞ በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ ነው። ሚስቱ ካሲዮፒያ፣ ልጁ አንድሮሜዳ። ግሪኮች ኢትዮጵያ ሲሉ ከግብፅ በታች ያለውን ሰፊ አገር ሁሉ ነበር፣ ስለዚህ የኛ ብቻ ነው ብዬ አልጣላም፣ ግን ስሙ ስሙ ነው። በዚያ ስብስብ ውስጥ ያለችውን ዴልታ ሴፊየስን ብርሃኗ እንደሚለዋወጥ ያየው ጆን ጉድሪክ የሚባል መስማት የተሳነው የ20 ዓመት እንግሊዛዊ ወጣት ነው፣ በ1784። በ21 ዓመቱ ሞተ። ከ128 ዓመት በኋላ የሴፊድን የትንፋሽ ርዝመትና ዋቱን ያገናኘችው ሄንሪታ ሌቪትም፣ ሀርቫርድ ውስጥ 25 ኮከቦችን ተከታትላ፣ መስማት የተሳናት ሴት ነበረች። ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ ይል ነበር።

ቦሌ_ቦሌ_ሁለት_ሰው

ጋሼ እርስዎ ቢያስተምሩኝ ኖሮ እኔም ወያላ አልሆንም ነበር። ከምሬ ነው። ንጉሡ የኛ ነው እያሉኝ ነው?

የቀድሞ_መምህር

ልጄ፣ በስም ነው አልኩህ እኮ። በስምም ቢሆን ግን ከእንጦጦ በላይ ወጥቶ ታገኘዋለህ።

ከእንጦጦ_ጥግ

ጋሼ ካነሱት አይቀር እኔ ልቀጥል፣ እኔ ሽሮ ሜዳ ነው የማድረው፣ ቢኖክላር አለኝ፣ ሌላ የለኝም። ሴፊየስን ለማየት ጥቅምት ወር ምርጥ ነው፣ ዝናቡ ወጥቶ ሰማዩ ታጥቧል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል አካባቢ ፊታችሁን ወደ ሰሜን ማለት ወደ እንጦጦ አዙሩ። ከተራራው በላይ በስተቀኝ በኩል ካሲዮፒያ አለች፣ አምስት ኮከብ የተጣጠፈ መስመር ሰርታ። ከሷ በስተግራ ህፃን ልጅ የሳለው አይነት ቤት ታያላችሁ፣ አራት ማዕዘን ከነጣሪያው፣ ግን ከኛ ሀገር ሲታይ ተገልብጦ ነው፣ ጣሪያው ወደ እንጦጦ ቁልቁል ይጠቁማል። የቤቱ ከላይ በስተቀኝ ያለው ጥግ ላይ ትንሽ ሦስት ማዕዘን አለ። ጥጉ ላይ ያለው ደማቁ ዜታ ነው፣ ከሱ ከፍ ብሎ ደብዘዝ ያለው ኤፕሲሎን ነው፣ በስተቀኝ ያለው ዴልታ ነው፣ ባለታሪኩ።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ዜታና ኤፕሲሎን አይለዋወጡም (በዓይን ደረጃ)። ዴልታ ሲደምቅ ዜታን ሊያክል ምንም አይቀረው፣ ሲደበዝዝ ከኤፕሲሎንም ትንሽ ያንሳል። ይሄንን በ5 ቀን ከ9 ሰዓት ገደማ አንዴ ይጨርሳል፣ ሲወጣ ፈጥኖ ነው፣ በአንድ ቀን ተኩል ገደማ፣ ሲወርድ ቀስ እያለ። ከተማው ውስጥ መብራት ካለ ያለ ቢኖክላር ይከብዳል፣ መብራት ሲሄድ ግን በደንብ ይታያል፣ እኔ ሰፈር ደግሞ ምስጋና ይግባው መሄዱ አይቀርም።

እግረ መንገዴን፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ለየሀገሩ አንድ ኮከብና ፕላኔት ስም አውጡ ተብሎ ለኢትዮጵያ የደረሳት ኮከብ ቡና ተብላለች፣ የምትዞራት ፕላኔት አቦል። እሷም ያለችው አንድሮሜዳ የኮከቦች ስብስብ ውስጥ ነው፣ የንጉሡ ልጅ ጋ ማለት ነው። በቢኖክላር ትታያለች፣ ፕላኔቷ አትታይም። ቶናና በረካ ገና አልተገኙም 😀

ሰላም_አራት_ኪሎ

ተመለስኩ። ጋሼ አመሰግናለሁ፣ የባዴን ነገር እርስዎ ባይሉት እኔ አበላሸው ነበር።

ቀያሹ እንዴት አጣሩት ላልከው። በጣም የተጠረጠረው መጨናነቅ ነው። እንጦጦ ወጥተህ ማታ ወደ ኮተቤ ብታይ የአንዱ ቤት መብራት ከጎረቤቱ ጋር ተቀላቅሎ አንድ ትልቅ መብራት ይመስልሃል። ሩቅ ጋላክሲ ውስጥ ያለ ሴፊድም የጎረቤቶቹ ብርሃን ተደርቦበት ደመቅ ብሎ ከታየ ርቀቱ ይሳሳታል። ሀብል ቴሌስኮፕ ይሄን ሙሉ ለሙሉ መለየት አልቻለም፣ ሪስና ጓደኞቹ ቀንሰነዋል ይላሉ፣ ሌላው አላምንም ይላል። ጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ሲመጣ ዓይኑ በኢንፍራሬድ በጣም የጠራ ስለሆነ አምስት ጋላክሲ ውስጥ ከ1000 በላይ ሴፊድ ደግመው ለኩበት፣ ውጤቱ 2024 ላይ ወጣ። ሀብል የለካው ልክ ነበር። ማለት መጨናነቁ ለልዩነቱ ምክንያት አይደለም። እኔ በግሌ እዛ ጋ ይፈታል ብዬ ተወራርጄ ተበልቻለሁ።

ግን ነገሩ አላለቀም። ዌንዲ ፍሪድማን የምትባለው አስትሮኖመር ሴፊድን ትታ በሌላ አምፖል፣ በቀይ ግዙፍ ኮከቦች ጫፍ (በሚደርሱበት ከፍተኛ ድምቀት)፣ ስትለካ 70 አካባቢ ነው የሚመጣላት፣ በመሃል። እሷ ልክ ከሆነች ጠቡ ራሱ ትንሽ ነው። ሴፊዱን ጭራሽ የማይነካ ሌላ መንገድም አለ፣ ነሐሴ 2009 በኛ፣ 2017 በነሱ፣ ሁለት ኒውትሮን ኮከቦች ተጋጭተው የስበት ሞገዱ ምድር ላይ ተሰማ፣ ከሞገዱ ርቀቱ በቀጥታ ይወጣል፣ ደረጃ የለ ቢኤም የለ። መልሱ 70 ሆነ፣ ስህተቱ ግን ወደላይ 12 ወደታች 8፣ ሁለቱንም ያቅፋል ስለዚህ ለጊዜው አይፈርድም። እንዲህ አይነት ግጭት በደንብ ከተጠራቀመ ዳኛ የሚሆነው እሱ ነው ባይ ነኝ።

አሁን ዲዛይኑን እንጠርጥረው። እዚህ ጋ ነው ከጋላክሲ ተነስተን ደቃቅ ቅንጣት ላይ የምንደርሰው። ያ የስታፉ ርዝመት የተሰላው በመጀመሪያው 380,000 ዓመት ውስጥ ምን ምን እንደነበረ እናውቃለን ብለን ነው። ኒውትሪኖ (ከሌላው ቁስ ጋር ብዙም የማይነካካ ቀላል ቅንጣት) ሦስት ዓይነት ነው ብለን ከተነዋል፣ ጄኔቭ አጠገብ ባለው 27 ኪሎሜትር ዋሻ ውስጥ የዛሬው የቅንጣት ማጋጫ ማሽን ሳይመጣ በፊት የነበረው ለክቶ ሦስት ብሎናል። አራተኛ ቀላል ቅንጣት ተደብቆ ቢኖር ያኔ መስፋፋቱ ይፈጥን ነበር፣ ድምፁ የሚጓዝበት ጊዜ ያጥር ነበር፣ ስታፉ ያጥራል፣ ስታፉ ካጠረ ስሌቱ ከ67 ወደላይ ይወጣል። አየህ፣ ስታፍህ 4 ሜትር ነው ብለህ ስትሰራ በእውነት 3.80 ቢሆን እንደማለት ነው። ችግሩ ፕላንክ ራሱ ስንት ዓይነት እንደነበረ ሲቆጥር ሦስት አካባቢ ነው ያገኘው፣ ለአራተኛው ብዙ ቦታ አልተወም። ሌሎች ደግሞ ቅንጣት ሳይሆን ያኔ ትንሽ ብቅ ብሎ የጠፋ ዳርክ ኢነርጂ ነበር ይላሉ፣ እሱም ስታፉን ያሳጥራል። ጥሩ ሐሳብ ነው ግን አንዱን ቀዳዳ ሲደፍን ሌላ ይከፍታል፣ ልብስ እንደጠበበው ሰው፣ እጅጌውን ሲስበው ወገቡ ይወጣል።

ደግሞ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2025 ላይ ከአሪዞና ዴሲ የሚባለው ፕሮጀክት፣ 5000 የመስታወት ክር አንድ ቴሌስኮፕ ላይ የተገጠመበት፣ 15 ሚሊዮን የሚጠጉ ጋላክሲዎችና ክዌዛሮችን (በጣም ደማቅ የሩቅ ጋላክሲ እምብርቶችን) መዝግቦ ዳርክ ኢነርጂ ከጊዜ ጋር እየደከመ ሊሆን ይችላል የሚል ፍንጭ አወጣ። ፍንጭ ነው፣ ግኝት ለመባል የሚጠበቀውን ልክ አልሞላም። ዩቲዩብ ላይ "የሀብል ችግር ተፈታ" (ይሄን የሁለት ቁጥር ጠብ ማለታቸው ነው) ብለው የለጠፉትን አትመኗቸው፣ እሱ እንደውም ቁጥሩን ወደ 73 አይወስደውም።

የማኪያቶው ፍርድ፣ ጓደኛህ "ግምት ነው" ያለው ስህተት ነው። አንተም "ተለክቷል 73 ነው" ብለህ እቅጩን የተናገርከው ስህተት ነው። ተካፈሉት።

ቦሌ_ቦሌ_ሁለት_ሰው

እኔ የገባኝ ነገር ቢኖር ዲዛይነር ማለት ክፉ ሰው እንደሆነ ነው። ሰላም ሂሳብ የምታስተምሪው የት ነው፣ እህቴ 9ኛ ክፍል ናት

ሰላም_አራት_ኪሎ

በውስጥ መስመር ጻፍልኝ 🙂

ቀያሹ_ከፒያሳ

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ፣ ጋሼ እርስዎንም ጭምር፣ ስለ ጉድሪክ የጻፉትን ለባለቤቴ አንብቤላት ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ፍርዱን ለጓደኛዬ አሳየሁት፣ "ተካፈሉት" የሚለውን ብቻ አነበበ፣ ሦስት ቀን እኔ ሦስት ቀን እሱ ተባብለናል፣ እሁድ ካፌው ዝግ ነው።

የቢኖክላሩን ነገር ሞክሬዋለሁ፣ ቢኖክላር የለኝም ግን የቢሮ ሌቭል አለች፣ ቴሌስኮፗ ትንሽ ናት፣ ሰገነት ላይ ትሪፖዱን ተከልኩና ወደ እንጦጦ አዞርኳት። ዕቃው ወደላይ ብዙ ስለማይነሳ ሴፊየስ ጋ አልደረሰም፣ አዝኜ ነበር፣ ከዛ መብራት ሄደ። ከእንጦጦ ጥግ እንዳለው ነው፣ በዓይኔ አየሁት፣ የተገለበጠው ቤት፣ ከዛ ሦስት ማዕዘኗ። ሚስቴ ሻማ ይዛ መጣችና አጥፊው ብዬ ጮህኩባት፣ ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

ሌቭል ደብተሬ ላይ ባክሳይት ፎርሳይት የሚለውን የንባብ ዓምድ ሰርዤ እንዲህ ይዤዋለሁ፦

ጥቅምት 12፣ 2፡40 ማታ፣ ከዜታ ለጥቂት ያንሳል።
ጥቅምት 13፣ ደመና።
ጥቅምት 14፣ 2፡30 ማታ፣ መሃል ላይ፣ ወደ ኤፕሲሎን ያደላል።
ጥቅምት 15፣ 3፡05 ማታ፣ መብራት ነበረ፣ በእጄ ጋርጄ አየሁ፣ ከኤፕሲሎን እኩል።

12 ላይ ያየሁት ጫፉ ከነበረ በሂሳቡ 18 ሊነጋጋ ሲል ነው ተመልሶ ጫፍ የሚደርሰው፣ ስለዚህ 17 ማታ እየወጣ ላገኘው ይገባል። ጓደኛዬ "ካልወጣ ሙሉውን ትከፍላለህ" ብሎ 17 ማታ ቤቴ ይመጣል፣ ማኪያቶ በፔርሙዝ አይሆንም ብዬዋለሁ፣ ሻይ ይዤ እመጣለሁ ብሏል።